ለእናቱ ፊልም የሚተርከው ሶፋ ሰሪ

ሶፋ ሰሪውን «ፊልም ይወዳል» ማለት እሱን አለማወቅ ነው፤ ፊልም ያመዋል። የሥራ ጓደኞቹም ስሙን ትተው «ሲኒማው» ይሉታል። ስፖንጅ እየቆረጠ፣ ጨርቅ እየወጠረ፣ ማታ ያየውን ፊልም ካላብጠለጠለ ሥራው አይሰምርለትም። ሰሞኑን ተረኛው አንድ የነፍሰ ገዳይ ፊልም ነበር።

«ገዳዩን እኮ ገና ኮቱን ሲያወልቅ ነው የነቃሁበት!» ይላል፣ ማንም ሳይጠይቀው። «የደነዘዙት ፖሊሶቹ ናቸው። ደግሞ ያ ሀብታም ነኝ ባይ የተቀመጠበት ሶፋ! ስፌቱ ተጣሞ፣ መደገፊያው ረግቦ። እኛ እንዲህ ብንሠራ ማን ይምረናል?»

በዚያው ሰሞን ስላየው አንድ የፍቅር ፊልም ግን ትንፍሽ አላለም። ሴትዮዋ ባቡር ጣቢያ ብቻዋን ስትቀር ስቅስቅ ብሎ አልቅሷል፤ ይህን የሚያውቁት እሱና እናቱ ብቻ ናቸው።

እናቱ ዓይኗ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል፤ ፊልም ግን አያመልጣትም። ንግግሩን በጆሮዋ ትሰማለች፣ ንግግር የሌለበትን እሱ ይሞላላታል። «አሁን ደረጃውን እየወጣ ነው»፣ «አሁን ፎቶውን ቀደደችው»። ተመስጦ ዝም ካለ በክርኗ ጎሸም ታደርገዋለች፤ «ምነው? ሞተ እንዴ?» ስለ ሶፋው ስፌት ከጀመረ ደግሞ «ዕቃውን ተወውና ሰውየውን ንገረኝ» ትለዋለች።

በዚህ ሰሞን ግን አጠገቧ መቀመጥ እሾህ ላይ የመቀመጥ ያህል ሆኖበታል። እሱ ሥራ በዋለበት አንድ ቀን ምድጃ ለመለኮስ ስትዳብስ እጇ ክፉኛ ተቃጠለ። ታላቅ እህቱ የምትኖረው ሩቅ ነው፤ በስልክ ተጨቃጭቀው፣ ተላቅሰው፣ በመጨረሻ እናታቸው የአረጋውያን መኖሪያ እንድትገባ ተስማሙ። ክፍሉ ተገኝቷል፤ የምትገባው ቅዳሜ ነው። እሷ ግን አታውቅም። «አንተ ትቀርባታለህ፣ አንተው ንገራት» ብላዋለች እህቱ። ቀላል አድርጋው! በሰው ፊልም ላይ ምላሱ የሚረዝመው ሰውዬ በገዛ ቤቱ ተለጎመ። ዛሬ ነገ ሲል ሐሙስ ከተፍ አለ።

ሐሙስ ከሥራ እንደተመለሰ አንድ ፊልም ከፈተ። ሽፋኑ ላይ አንዲት አሮጊት ስትስቅ አይቶ ኮሜዲ መስሎት ነው እንጂ፣ ታሪኩን ሰው ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ባልነካው ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ነውና፣ የፊልሙ ልጅ የእናቱን ልብሶች እያጣጠፈ ሻንጣ ውስጥ መክተት ጀመረ።

«ምን እያደረገ ነው?» አለች እናቱ።

«ልብስ እያጣጠፈ ነው።»

«የማንን?»

«የራሱን።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሻት። ውሸት ደግሞ አንዱ ሌላውን ይጠራል፤ ልጁ እናቱን ጭኖ የሄደበት መኪና አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ግቢ ሲደርስ «ዘመድ ሊጠይቁ ሄዱ» አላት። ልጁ እናቱን በረንዳው ላይ ትቶ ብቻውን ወደ መኪናው ሲመለስ፣ ሶፋ ሰሪው ዕንባውን በእጅጌው እየጠረገ፣ «አሁን አብረው ወደ ቤት እየተመለሱ ነው» አለ።

የመኪናው በር ሲዘጋ ተሰማ። ሞተሩ ተነሣ።

«አንድ በር ነው የተዘጋው» አለች እናቱ።

እሱ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገ።

«ሁለት ሰው በአንድ በር ነው የገባው?»

ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ መሸሽ አማረው፤ ግን ወዴት? እጇን ዘርግታ ፊቱን ዳበሰች። ጉንጩ ርሷል። ጣቶቿ እዚያው ቆዩ።

«መቼ ነው የምትወስደኝ?»

«ቅዳሜ፣ እማዬ።»

ብትቆጣው፣ ብትረግመው በቀለለው ነበር። እሷ ግን «መልሰው» አለችው። «ፊልሙን ልብስ የሚያጣጥፍበት ጋ መልሰው። አሁን በደንብ ንገረኝ።»

መለሰው። እየተንተባተበ ያየውን ሁሉ ነገራት፤ የተጣጠፈውን ሹራብ፣ በረንዳውን፣ አሮጊቷ ልጇን ላለማስከፋት ፈገግ ለማለት መሞከሯን።

«ልጁስ?»

«ዞር ብሎ አላያትም።»

«አንተ ቅዳሜ ዞር ብለህ እየኝ» አለችው። «እኔ እንደሆነ አላይህም። ማየትህን ጮክ ብለህ ንገረኝ።»