የዓርብ እጅ፣ የቅዳሜ እጅ

ዓርብ ቀትር ላይ ኳሷ ጉድጓዱን አትስትም ነበር። ቅዳሜ ግን ያቺው ኳስ፣ በዚያው ወንበርና በዚያው ኮምፒውተር፣ ጉድጓዱን እያለፈች ትሄዳለች። ለረጅም ጊዜ ጥፋቱን የሰጠሁት ለልቤ ነው።

እውነተኛ የጎልፍ ሜዳ በዓይኔ አይቼ አላውቅም። በኢንተርኔት የሚጫወቱት ጎልፍ ግን ከኮሌጅ ጀምሮ የእኔና የአንድ ጓደኛዬ ነገር ነበር። ስንመረቅ እሱ አይከል አስተማሪ ሆኖ ተመደበ፤ እኔ ጎንደር ቀረሁ። መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ እንደዋወል ነበር፤ እየቆየ የሚወራው አለቀ። ስለ ተማሪና ስለ ርዕሰ መምህር ስንት ጊዜ ይወራል? የቀረን የቅዳሜ ከሰዓት ጨዋታ ብቻ ነበር። እሱ አይከል፣ እኔ ጎንደር ኢንተርኔት ቤት እንቀመጥና የስልክ ማዳመጫችንን ጆሯችን ላይ ሰክተን አንድ ላይ እንጫወታለን። በጨዋታው መሀል ሌላው ወሬ ሁሉ ሳናስበው ይመጣል።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሁለት ሰው አንድ ጥንድ ይሆናል። አንደኛው ኳሷን ከሩቅ እየመታ ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር ላይ ያደርሳታል፤ ሌላው ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ያንከባልላታል። ይህን የመጨረሻ ምት ተጫዋቾች «ፓት» ይሉታል። ሩቁ የእሱ፣ ፓቱ የእኔ ነበር። ፓት ሲመታ ከስክሪኑ ስር አንድ ቀጭን መስመር ይመጣና ነጭ ነጥብ ከግራ ወደ ቀኝ ይሮጥበታል። ነጥቡ ምልክቱ ላይ ሲደርስ ማውሱን መጫን ነው። ከዘገየህ ምቱ ይጠነክራል፤ ከቀደምህ ኳሷ ሳትደርስ ትቆማለች። ማስረዳቱ አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ መምታቱ ነው።

በየምድቡ መጨረሻ የወጣ ጥንድ ወደ ታችኛው ምድብ ይወርዳል። እኛ በእኔ ፓት ምክንያት ወደ መጨረሻው እየተንሸራተትን ነበር። አንድ ቅዳሜ ጓደኛዬ እየሳቀ፣

«አንድ ሰውዬ ጻፈልኝ» አለኝ። «የት አገር እንዳለ እንጃ፣ ከላይኛው ምድብ ነው። ጥንድ እንሁን ይለኛል።»

«ምን አልኸው?»

«አሁን ምታ ይልቅ፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው።»

መታሁ። አለፈች።

ያን ማታ ነገሩን እንደ ትምህርት በቅደም ተከተል አሰብሁት፦ ከወረድን ወደ ሰውዬው ይሄዳል፤ ከሄደ ቅዳሜ የለም፤ ቅዳሜ ከሌለ ለበዓል እንኳን አደረሰህ የምንባባል ሰዎች እንሆናለን። ስለዚህ ፓቴን ማስተካከል ነበረብኝ።

የጧት ፈረቃ ስለማስተምር ዓርብ ቀትር ነፃ ነኝ። ኢንተርኔት ቤቱ አዲስ ዓለም፣ ከጨርቅ ሱቆቹ መካከል ነው። በዚያ ሰዓት የሰፈሩ ወንዶች ለጁምዓ መስጊድ ይሄዳሉ፤ የቤቱ ባለቤት ብቻዋን ጠረጴዛዋ ላይ ትቀራለች። ቤቱ ጭር ይላል። ቅርቡን፣ መካከለኛውን፣ ሩቁን፣ ከዚያ ዳገቱንና ቁልቁለቱን እያልሁ በተራ እለማመዳለሁ። ሁሉም ይገባል።

ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው። ከፀዳም ከወለቃም ለገበያ የመጣ ሰው ወደ ኢንተርኔት ቤቱ ይጎርፋል፤ ገሚሱ ውጭ ካለ ዘመዱ ጋር በምስል ያወራል፣ ገሚሱ ዘፈን ያወርዳል። ያን ጊዜ ኳሴ ታልፋለች። ቡና ሳልጠጣ ሞከርሁ። በረጅሙ ተንፍሼ ሞከርሁ። ላብ የያዘውን እጄን ሱሪዬ ላይ ስጠርግ ባለቤቷ አየችኝ።

«ቲቸር፣ ትናንት ስትስቅ አልነበር? ዛሬ ምነው ፊትህ?»

«ፈተና ላይ ነኝ።»

«ፈታኙስ አንተ አይደለህ እንዴ!» ብላ ሳቀች።

ከተሸነፍን የምንወርድበት የምድባችን የመጨረሻ ጨዋታ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ቀትር፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ተለቀቀና ቤቱ በተማሪ ተሞላ። እኔ የተለመደውን ልምምድ ጀመርሁ። ኳሷ አለፈች። እንደገና መታሁ፤ አለፈች። እጄን አየሁት፤ አይንቀጠቀጥም። ልቤም ደህና ነው፤ በልምምድ ማን ይፈራል? ዞር ስል ባዶ ወንበር የለም። ያን ጊዜ ገባኝ። ጨዋታው የሚቆጥረው እኔ ስጫን ሳይሆን መጫኔ በኢንተርኔቱ በኩል ሲደርሰው ነው። ሰው ሲበዛ ኢንተርኔቱ ይጨናነቃል፣ መጫኔ ዘግይቶ ይደርሳል፣ ምቱ ይጠነክራል። ለገበያ ቀን ጨዋታ የምለማመደው በጁምዓ ጭርታ ነበር።

በማግስቱ ይህን ሁሉ ለጓደኛዬ አብራራሁለት።

«ስለዚህ ዛሬ ነጥቡ ምልክቱ ላይ ሳይደርስ ቀድሜ እጫናለሁ።»

«እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልህ?»

«ልቤ መስሎኝ።»

«ልብህማ ድሮም ፈሪ ነው። በል ምታ።»

ቀድሜ ተጫንሁ። ገባች። «ሸጋ!» ብሎ ጮኸ። ቀጣዩም ገባ፤ ከዚያ በኋላ ያለውም። ከተጋጣሚዎቻችን ጋር እኩል ሆነን የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ደረስን። ጓደኛዬ ኳሷን ጉድጓዱ አጠገብ አምጥቶ አስቀመጠልኝ። ከነጩ ነጥብ በቀር ምንም አላየሁም። ትንፋሼን ያዝሁ። ቀድሜ ተጫንሁ።

ኳሷ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሳትደርስ ቆመች።

ነጎድጓዱን የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ዞር አልሁ። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ገበያተኛው ዝናብ ሳይቀድመው መኪና ለመያዝ ወጥቷል፤ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ባለቤቷና እኔ ነን። ተጋጣሚዎቻችን የእነሱን አስገቡ። መውረዳችንን የሚናገር ጽሑፍ መጣ።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ጫን አደረግሁት።

«ሰዎቹ ወጥተው እኮ ነው» አልሁ። «ኢንተርኔቱ ፈጠነ። እኔ ደግሞ ቀድሜ...»

 ከእሱ አፍ እንዳልሰማው ፈርቼ ራሴ ተናገርሁት።

«በቃ፣ ሰውዬውን እሺ በለው።»

«የቱን ሰውዬ?»

«ጥንድ እንሁን ያለህን።»

«ውይ፣ እሱን! ያን ጊዜውኑ ሚስት አለችኝ፣ ጎንደር ናት ብየዋለሁ።» ሳቁ ጆሮዬን ሞላው። «ይልቅ ታችኛው ምድብ ስንት ሰዓት ነው የሚጀምረው? እኔ ቅዳሜ ጧት ማካካሻ አስተምራለሁ።»

የጨዋታ ሰዓቱን ከፍቼ አየሁ።

«ስምንት ሰዓት» አልሁት።

«ሸጋ። አንተ ግን ከመምታትህ በፊት ዘወር እያልህ ሰው ቁጠር።»