የመቀናጆው በሬ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያረሰው በአንድ በሬ ነው። ሌላኛው በሬ የጎረቤታችን ነበር። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ገበሬዎች አጣምደው ተራ በተራ ሲያርሱ መቀናጆ ይባላል። አብዛኛው ሰው ሁለተኛ በሬ እስኪያገኝ ድረስ ብቻ ነው የሚታገሠው፤ አባቴ ግን አቅሙ እያለው አልተወውም።

ደብረ ታቦር አስተማሪ ሆኜ ደመወዝ መብላት ስጀምር በሬ ልገዛለት አሰብኩ። ከገሳይ ወዲያ ወዳለው መንደራችን ሄጄ ስነግረው ሳቀብኝ።

«ሁለት በሬ ከኖረኝ እሱ በምን ያርሳል?»

«የራሳቸውን መላ ይፈልጋሉ።»

«እኔስ? ከማን ጋር እየተጨቃጨቅሁ ላርስ ነው?»

ተናደድኩ። ግትርነት መሰለኝ። እውነትም አንዱ እርፍ ይዞ ሌላው ጓል እየከሰከሰ ቀኑን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ትልሙ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የማን መሬት ይቅደም በሚለው። ሁልጊዜ የሚቀድመው የጎረቤታችን ነበር። አባቴ «የሱ መሬት ቶሎ ይደርቃል» ይላል፤ አንድ ዳገት ላይ ያሉ ሁለት ማሳዎች ናቸው።

በዐቢይ ጾም መካከል ታሞ ተኛ። ስለ መሬቱም ስለ ቤቱም አንድ ነገር አላለኝም። «በሬውን እንዳታርዱት፤ ለሱ ተዉለት» አለኝ፣ አለቀ። ሳምንት ሳይቆይ አረፈ።

አርባው ከፋሲካ በኋላ ዋለ። የተዝካሩን ነገር የያዙት አጎቴ፣ የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በሬው ይታረዳል አሉ። የአባቴን ቃል ነገርኳቸው።

«የታመመ ሰው ብዙ ይናገራል።»

«እንግዲያው እኔ ሌላ በሬ እገዛለሁ፤ እሱን ይተዉት።»

«የገዛ በሬው በረት ቆሞ ከገበያ ገዝተን እንረድ? የሞተው እኮ ወንድሜ ነው፣ ውሻ አይደለም።»

እናቴን አየኋት። አቀርቅራ ጌሾ ትለቅማለች። «እሳቸው እንዳሉ ይሁን» አለች። ክፍል ሙሉ ተማሪ ዝም የማሰኝ ሴትዮ እዚያ ቤት ሰሚ አጣሁ። ተዝካር የሟች መታሰቢያ ነው ይባላል፤ ሟች ምን ይወድ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

የቀሩኝ ጎረቤታችን ብቻ ነበሩ። ሄጄ ለመንኳቸው።

«አንቱ ቢናገሩ ይሰሙዎታል። በሬውን ላንቱ ነው የተናዘዘው።»

«ተይ ልጄ። እኔ ላርስ ብዬ እሱ ያለ ተዝካር ቀረ ይባል? ይህን በኔ አታምጪብኝ» አሉኝ።

በዕለቱ ጠዋት በሬው ሰው አላስጠጋ አለ። ድሮም ከአባቴና ከጎረቤታችን በቀር ለማንም አይያዝም። አጎቴ ሰው ላኩባቸው። መጡ። አንገቱን አሻሽተው ሳብ ሲያደርጉት ዝም ብሎ ተከተላቸው። ገመዱን ለአራጆቹ ሰጡና ከዳሱ ኋላ ሄደው ቆሙ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ምን ማድረግ ነበረብኝ? እስከ ዛሬ አላውቀውም።

ተዝካሩ አማረ። ሰው ጠገበ፣ አጎቴን መረቀ። እኔ ለጎረቤታችን በሬ ልግዛ ብዬ ነበር፤ «አዲስ በሬ የምገራበት ጉልበት የለኝም» አሉ። አብሯቸው የሚቀናጅ ሰውም አልተገኘም፤ እርሻው ተጀምሮ ሁሉም ከየጓደኛው ጋር ተጣምዷል።

ሰኔ ላይ ስመለስ የጎረቤታችን ማሳ በሌላ ሰው ጥማድ ይታረሳል። መሬቱን ምርቱን ሊካፈሉ ለእኩል ሰጥተው በሬያቸውን ሸጠዋል። ራሳቸው ድንበሩ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ሲያዩኝ ብድግ አሉልኝ።

«አባትሽን ደህና አድርጋችሁ ሸኛችሁት፤ እግዜር ይስጣችሁ» አሉኝ፣ ከልባቸው።

«አሜን» አልኳቸው።