ለወዳጅ የሚረጭ መድኃኒት

በእኛ ሰፈር ደቦ ተጠርቶ ጉልበቱን የሚሰስት የለም። ጎጀብ ወንዝ ዳር ያለውን ረግረግ አቅንተን ሩዝ መዝራት ከጀመርን ወዲህ የተባይ መድኃኒት የምንረጨውም በደቦ ነው። የጀርባ መርጫውን በየተራ እያዘሉ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ያጥቡታል። ባለማሳውን የሚወዱት ከሆነ ደግሞ አንድ መርጫ ሙሉ ይጨምሩለታል። እኔን፣ እግዜር ይስጣቸውና፣ በጣም ይወዱኛል።

ባሌ ከሞተ በኋላ ልጆቼን የማበላው ከዚያች ማሳ ስለሆነ ዓይኔን ከእሷ አልነቅልም። አንድ ዓመት እንደ ልማዳቸው አብዝተው ከረጩልኝ በኋላ ሸረሪቱም፣ ተርቡም፣ ያቺ ነጠብጣብ ጀርባዋ ጥንዚዛም ድራሻቸው ጠፋ። ቅጠል የሚበላው ትል ግን ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ መጣ፤ የሚለቅሙት እነሱ ስላልነበሩ እንዳሻው ፈነጨ። ከቦንጋ የምትመጣውን የግብርና ባለሙያ ብጠይቃት፣ መድኃኒቱ ወዳጅና ጠላት ስለማይለይ መለየት ያለበት የሚረጨው ሰው ነው አለችኝ። ትሉ ባለበት ቦታ ብቻ፣ ነፋሱ ጋብ ሲል፣ የመርጫውን አፍ ዝቅ አድርጎ መርጨት። ይህንንስ ማንም ይችለዋል፤ ከባዱ ለደቦው መንገር ነበር።

በቀጣዩ ክረምት ተራዬ ደርሶ ሲመጡ፣ ቦዩ አጠገብ ትል የገባባትን ጥግ አሳይቼ ሌላውን እንዳይነኩብኝ ለመንኳቸው። ሳቁ። የምሬን መሆኑ ሲገባቸው እርስ በርስ ተያዩ። የደቦው አባት፣ በባሌ ሐዘን ጊዜ ከደጄ ያልጠፉት ሽማግሌ፣ መርጫውን ከጀርባቸው አወረዱ።

«ልጄ፣ ምን አስቀየምንሽ?» አሉኝ።

«ምንም፣ ጋሼ። የታመመውን ብቻ አክሙልኝ፤ ጤነኛውን ተዉልኝ።»

ጥጓን ረጭተው፣ ያቀረብኩላቸውን ቆጮ ሳይጨርሱ ተነሱ። በእኛ ዘንድ ይህ ከስድብ አይተናነስም። ሩዙ ቢበላብኝ ልጆቼ ይራባሉ፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማን ደጄን ይረግጣል?

ጠዋት ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ማሳው ውስጥ እገባለሁ። መጀመሪያ የማየው የተበሳ ቅጠል ብቻ ነበር፤ እጄ መርጫ ለመዋስ ስንቴ አሳከከኝ። እየቆየ በአገዳው መካከል ድር ተዘረጋ፤ ጥንዚዛዎቹም ተመለሱ። ትሉ እየሳሳ ሄደ፣ ዘለላው ሞላ። በአጨዳው ጊዜ ከአካባቢው ሁሉ የእኔ ነዶ ይከብድ ነበር። ይህን ስናገር አላፍርም፤ የተሸከምኩት ራሴ ነኝ።

ዘንድሮ የሽማግሌው ተራ ሲደርስ እኔም ሄድኩ። ጎረምሶቹ ለክብራቸው ሲሉ ከወትሮው የበለጠ የመድኃኒት መበጥበጫ ውሃ ቀድተው ይጠብቁ ነበር። ሽማግሌው ያን ሁሉ አልፈው መርጫውን ወደ እኔ ይዘው መጡና በሰው ሁሉ ፊት አሳዘሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

«ልጄ» አሉ፣ «የእኔንም ማሳ እንደ ራስሽ ማሳ መድኃኒት ንፈጊልኝ።»