የአራተኛ ፎቅ ላም

ባለቤቴ ታደሰ ሥራ ቦታው ላይ በድንገት ማረፉ የተነገረኝ፣ እሱ የጋገረልኝን ዳቦ ቁርስ እየበላሁ ሳለ ነው። ስኳር በሽታ ስላለብኝ ሐኪሟ ከመድኃኒቱ ጋር ፉርሽካ ያለበት ዳቦ እንድበላ፣ ስኳሬ ቶሎ ከፍ እንዳይል እንደሚረዳኝ መክራን ነበር። ከዚያ ወዲህ ፉርሽካውን ከላንቻ ሰፈር እየገዛ የሚያቦካው እሱ ነበር።

በሠልስቱ ካዛንቺስ ኮንዶሚኒየማችን ግቢ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ አንድ የማላውቀው ሰው ጆንያ ተሸክሞ ገባ።

"እትዬ፣ አላህ ያጽናዎት። ሸምሱ እባላለሁ፣ የከብት መኖ ነጋዴ ነኝ። ጋሽ ታደሰ ደንበኛዬ ነበሩ። ላሚቱ ጾሟን እንዳታድር ብዬ ፉርሽካ አመጣሁ።"

ለቀስተኛው ሁሉ ዞረ።

"የቷ ላም?" አለች እህቴ። "አራተኛ ፎቅ ላይ?"

"እንዴ! 'ላሜን ቆሻሻ ስለማይስማማት ንጹሑን ስጠኝ' እያሉ በመዳፋቸው እየዘገኑ ነበር የሚመርጡት።"

ታደሰ ይሉኝታ ያጠቃው ነበር። ሚስቴ የከብት መኖ ትበላለች ማለት አፍሮ ነው። ሰውየው ግራ ገብቶት ጆንያውን እንዳቀፈ ቆመ።

"ላሚቱ እኔ ነኝ" አልኩት።

መርዶው ከደረሰኝ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ። ላሚቱን እንዲህ አድርጎ ለያዘ ሰው፣ እባካችሁ ነፍስ ይማር በሉልኝ።