የዓርብ ጠዋት ወንበር

ባሌ የሚቀናው በሰው ገንዘብ አይደለም፤ በሰው ቤትም አይደለም። በአንድ ግማሽ ቀን ነው የሚቀናው። እኔ ደግሞ የምቀናው በአንድ ወንበር ነው። እንግዲህ የሁለት ቀናተኞች ትዳር ምን እንደሚመስል እናንተው ገምቱት!

ስሙን አልጠራም። በእኛ አገር ሚስት የባሏን ስም መጥራት ነውር ነው፤ እናቴም ሳትጠራ ነው የሞተችው። ሰዉ በቤተሰቡ ስም ሂሬማት ይለዋል። እኔ ፊት ለፊት "ይሰማሉ?" እለዋለሁ፣ በሌለበት ደግሞ "ያ ሰውዬ"። እዚህ ደቡብ ሕንድ፣ በሆሳኬሬ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ መምህር ነው።

ዩኒቨርሲቲያችን ሲጀመር ሕንፃ አልነበረውም። የከተማው ጥጥ ነጋዴዎች አንድ መጋዘን ለቀቁ፣ ገበሬው በበሬ ጋሪ ድንጋይ አመላለሰ፣ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች ጥጥ የታጨቀበት ጆንያ ላይ ተቀምጠው ተማሩ። የታሪክ ክፍሉ የመጀመሪያ ኃላፊ ከዚያ መጋዘን በር ጣውላ ወንበር አሠሩ፤ ዛሬም ኃላፊ የሚቀመጠው እሱ ላይ ነው። ከወንበሩ በላይ አንድ ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ ኃላፊ የነበሩ ሁሉ ስማቸው በነጭ ቀለም ተጽፎበታል። ባሌ ይህን ታሪክ ሲያስተምር ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ተማሪዎቹ ለዩኒቨርሲቲው ካለው ፍቅር ይመስላቸዋል። ፍቅርማ አለው፤ ግን ዓይኑ ከሰሌዳው ግርጌ፣ ከባዶው ቦታ ላይ አይነቀልም።

እሱና የሥራ ባልደረባው ቫዲራጅ የተቀጠሩት በአንድ ቀን ነው፤ ዓርብ ቀን። ቢሮ የሚከፈተው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዓርብ ደግሞ ከአራት ተኩል እስከ ስድስት ፀሐይን የሚውጠው የራሁ ሰዓት ነው፤ በዚያ ክፉ ሰዓት ሙሽራ አይወጣም፣ ዘር አይዘራም፣ ሥራ አይጀመርም። አማቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ኮከብ ቆጣሪው ዘንድ ሄዳ ጠየቀች። "ልጅሽ ከስድስት ሰዓት በፊት እንዳይፈርም" አሏት። አልፈረመም። በሩ ላይ ቆማ ያዘችው፤ ከሰዓት በኋላ ግንባሩን ቀብታ፣ እርጎ አቅምሳ ሰደደችው። ሲደርስ ቫዲራጅ ጠዋት ፈርሞ ሻይ እየጠጣ ነው። ጠዋት የፈረመ ታላቅ፣ ከሰዓት የፈረመ ታናሽ፤ ደንቡ ይኸው ነው። ዕድገቱም፣ ወንበሩም በዚሁ ይሄዳል። የባሰው ደግሞ ኮከብ ቆጣሪው የማን አባት ቢሆኑ ጥሩ ነው? የቫዲራጅ!

"አየሽ ተንኮሉን?" ይለኛል ባሌ፣ ልጆቻችን አድገው ከቤት ከወጡ በኋላ እንኳ። "እናቴን አታለው እኔን አስቀሩ፣ ልጃቸውን በጠዋት ሰደዱ!"

"ኤዲያ! ይተዉት አሁን። አማቴም አልፈዋል፣ ሽማግሌውም አልፈዋል።"

"ወንበሩ አላለፈም!"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ቫዲራጅ መጽሐፍ ሲያሳትም ባሌ ሳምንት ሙሉ ምግብ አልበላ አለ። ቫዲራጅ ኃላፊ የሆነ ቀን ደግሞ ሄዶ የአበባ ጉንጉን አጠለቀለት፣ ፈገግ አለ፣ ቤት ሲገባ እርር ድብን ብሎ ተኛ። እኔስ? አዲስ ሳሪ ለብሼ ከፊቱ ስመላለስ የሚያወራው ስለ ቫዲራጅ ነው። ልጃችንን ስንድር እንኳ፣ ሙሽሪት ስታለቅስ፣ "ቫዲራጅ የት ነው የተቀመጠው? ከፊት ነው?" ብሎ ጠየቀኝ። ሌላ ሴት ብትሆን ፀጉሯን ይዤ እጎትታት ነበር፤ ወንበርን ምን ይሉታል?

ቫዲራጅ ጎረቤታችን ነው፤ በመምህራን ሰፈር አጥራችን አንድ ነው። ሚስቱ ፓድማጃ ሥራ በጀመረ በዓመቱ በወሊድ ሞተችበት፤ ልጁም አልተረፈም። ሌላ አላገባም። የማሽላ ቂጣና በኦቾሎኒ የተሞላ ደበርጃን ስሠራ በአጥሩ ላይ አሳልፍለታለሁ። ባሌ ይህንንም ይቆጥራል። "ለኃላፊው ትልቁን ደበርጃን፣ ለእኔ ትንሹን!" ይላል።

ባለፈው ነሐሴ ቫዲራጅ ጡረታ ወጣ። ባሌ ለጡረታ ጥቂት ወራት ቀርተውታል፤ ተራው የእሱ ነው። የቫዲራጅ ኃላፊነት ሐሙስ ማታ አልቆ የባሌ ዓርብ ይጀምራል። ዩኒቨርሲቲው የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ስለሆነ ፕሬዚዳንቱ ዓርብ አምስት ሰዓት ላይ የክፍል ኃላፊዎችን ሁሉ ጠርተዋል። የኃላፊነቱን ወረቀት ያልፈረመ አይገባም፤ በሰዓቱ ያልተገኘ ይታለፍና ተከታዩ ይፈርማል ተብሏል። ተከታይዋ ሱማንጋላ ናት፤ ባሌ ያስተማራት።

ሐሙስ ሲመሽ ባሌ ጫማውን ራሱ ሲወለውል ቫዲራጅ በአጥሩ በኩል ገባ።

"ሂሬማት፣ ነገ ከስድስት ሰዓት በኋላ ፈርም" አለው።

ባሌ ጫማውን ወረወረው። "አባትህ እናቴን፣ አንተ ደግሞ እኔን! ቤተሰባችሁ ሌላ ሥራ የለውም? ለሱማንጋላ ነው አይደል የምታመቻችላት?"

"ይሰማሉ? ጎረቤት እየሰማ ነው" አልኩ።

"ይስማ!"

ቫዲራጅ ሳይጠሩት ተቀመጠ። "አባቴ ለእኔም ያንኑ ነግሮኝ ነበር" አለ። "አትሂድ ብሎ እግሬ ሥር ወደቀ፤ አባት እኮ ነው፣ እግሬ ሥር! እኔ ወጣት ነበርኩ፣ የተማርኩ፣ ንቄው ሄድኩ። ፓድማጃ የሞተች ቀን ምን አለኝ መሰለህ? 'በዚያች ፊርማ ገደልካት' አለኝ። እስኪሞት ድረስ ከእጄ ውሃ አልጠጣም።"

ባሌ የወረወረውን ጫማ አነሣ። እኔ ደነገጥኩ፤ ያን ሁሉ ዘመን ደበርጃን ሳቀብለው አንድም ቀን ይህን አላወራኝም።

"እና አንተ ታምናለህ?" አለው ባሌ።

"አላምንም። እንዲያውም ሞኝነት ነው። ግን ይኸው መጥቼ ነገርኩህ።" ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር አለና ሳቅ አለ። "አንተ በዚያ ሰሌዳ ትቀናለህ፤ አውቃለሁ፣ ዓይንህ ያሳብቅብሃል። እኔ በምን እንደምቀና ታውቃለህ? ማታ ማታ ከዚህች እህቴ ጋር ስትጨቃጨቁ በአጥሩ ይሰማኛል። የሚጨቃጨቀኝ ሰው አጥቼ ነው ያረጀሁት፣ አንተ!"



ዓርብ ጠዋት ባሌ ታጥቦ፣ ነጭ ሸሚዙን ለብሶ፣ የተወለወለውን ጫማ አጥልቆ በሩ ላይ ቆመ። እኔ ልቤ ሁለት ሆነ። ወንበሩን ጠልቼዋለሁ፤ ግን የሰውዬዬ ስም በዚያ ሰሌዳ ላይ ሳይጻፍ ቢቀር እሱ እንዳልኖረ ሊመስለው ነው። ግንባሩን ቀባሁት፣ እርጎ አቀመስኩት።

"ይሂዱ እንጂ! አራት ተኩል ሆነ" አልኩት።

"ፓድማጃ ስንት ዓመቷ ነበር ስትሞት?"

"ምን ያደርግልዎታል አሁን? ገና ልጅ ነበረች። ይሂዱ!"

"አንቺ ትናንት ደረቴን ወጋኝ ስትይ አልነበር?"

"ቃር ነው! ደበርጃኑ ነው! አምላኬ፣ የተማረ ሰው አይደሉም እንዴ? ራሁ የለም፣ ምንም የለም፣ ሱማንጋላ ትፈርምብዎታለች!"

አየኝ። እንዲህ አድርጎ መቼ እንዳየኝ አላስታውስም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ፈታ። "እኔም አላምንም" አለ። "ግን ልሞክረው በአንቺ ላይ ነው እንዴ?"

ወንበር ስቦ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠ። የእኛን ወንበር፣ አንድ እግሩ የሚወላወለውን። ለምኜዋለሁ፣ ተሳድቤያለሁ፣ ጫማውን ራሴ ላጠልቅለት ሞክሬያለሁ፤ ንቅንቅ አላለም። ሽንኩርቱን ከእጄ ተቀብሎ ይልጥ ጀመር፤ ደግሞ አያውቅበትም፣ ግማሹን ጣለው።

ሰባት ሰዓት ላይ ሱማንጋላ ደወለች። እያለቀሰች ነው። "ጋሼ፣ እኔ አልፈለግሁም፣ ፈርሚ ብለው አስገደዱኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

"በስንት ሰዓት ፈረምሽ?" አላት።

"ከአምስት ሰዓት በፊት ነው ጋሼ።"

ባሌ ዓይኑን ጨፈነ። ያው ዕድሜ ልኩን ያንገበገበው የዓርብ ጠዋት ነው። አሁን ይፈነዳል ብዬ ጠበቅሁ። "በርቺ ልጄ፣ ወንበሩ ይገባሻል" አላት። ትንሽ ቆየና፣ "ባልሽን የደም ግፊት መድኃኒቱን እንዳይረሳ ንገሪው፣ እሺ?" ብሎ ዘጋው።

እጁ ስልኩ ላይ ቀረ። ሰሌዳው ተዘጋ፤ ከቫዲራጅ ቀጥሎ ሱማንጋላ ሆነ፣ የእሱ ስም የትም የለም። እኔ ያን ሁሉ ዘመን የቀናሁበትን ወንበር አሸንፌዋለሁ፤ ግን ደስ አላለኝም። ቂጣውን አቀረብኩ፣ ትልቁን ደበርጃን ከፊቱ አደረግሁ።

"ሩድሬሽ" ብዬ በስሙ ጠራሁት። "ና ብላ፣ ይቀዘቅዛል።"

ቀና ብሎ አየኝ። ሰማዩም አልተደፋም። ከዚያ ተነሥቶ በአጥሩ በኩል ጮኸ፦ "ቫዲራጅ! ና፣ ምሳ አለ!"