ብቅሉን ያማሁበት ሰሞን

ጣሊያን ባሌን ያሰረው በክረምቱ መግቢያ ነው። ምን አጠፋ ብለው እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። እኔም ምሳውንና አንድ ገንቦ ጠላ ይዤ ከኮልፌ ቤቴ እስከ እስር ቤቱ ደጃፍ እመላለስ ጀመር። ምሳው ለባሌ፣ ጠላው በሩን ለሚጠብቁት ሽማግሌ ዘበኛ ነበር። ሽማግሌው ጠላዬን ይወዱታል፤ ፉት እያሉ «ደህና ነው፣ በልቷል» ይሉኛል። ያቺን ቃል ይዤ አድር ነበር።

ብቅሌን የማመጣው ከረጲ፣ ገብሷን በኮባ ቅጠል ሸፍና ከምታበቅል ሴት ነው። መንገዱ ሲዘጋ ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ከመርካቶ ከማላውቃት ሴት ገዛሁ። ከተረፈኝ የረጲ ብቅል ጋር ቀላቀልኩትና፣ ብቅል ያው ብቅል ነው ብዬ በለመድኩት መጠን ጠነሰስኩ። ጠላው ፈዘዘብኝ። ምን ላድርግ፣ ያንኑ ይዤ ሄድኩ።

እንደ ወጉ በመዳፌ ጠብ አድርጌ ቀምሼ ቀዳሁላቸው። ሽማግሌው አንዴ ፉት ብለው መለሱልኝ። ዓይኔን አላዩኝም።

«ልጄ፣ ይሄ ጠላ አይሆንም። ምሳውንም ይዘሽ ተመለሺ።»

«አባቴ፣ ብቅሉ ነው። ምሳውን እንኳ ያስገቡልኝ።»

«ሂጂ ብዬሻለሁ።»

መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ባሌን በገዛ እጄ ጦም አሳደርኩት ብዬ ራሴን ረገምኩ። በማግስቱ መርካቶ ወርጄ ከብቅል ሻጯ ጋር ገበያ መሃል ተጣላሁ፤ ሴትየዋ ደንግጣ ታየኛለች። ያለ ደህና ጠላ ምሳው አይገባልኝም ብዬ ብቅል ፍለጋ በየሰዉ ቤት ዞርኩ። የአንዷ ብቅል ሻግቷል፣ የሌላዋ በቅጡ አልበቀለም። ጥርሴ ስር ሲገባ የሚጣፍጥ የገብስ ብቅል ያገኘሁት ብዙ ተንከራትቼ ነው። ጋኑን በወይራ ደጋግሜ አጠንኩ፣ ብቅሉንም ሳልሰስት ጨመርኩ። ሲደርስ ቀመስኩት፤ እንዲያ ያለ ጠላ ጠምቄ አላውቅም።

ከምሳው ጋር ይዤው እስር ቤቱ ደጃፍ ሄድኩ። ሽማግሌው የቀዳሁላቸውን ተቀብለው ሳይጠጡ ያዙት።

«ይቅመሱት እንጂ አባቴ። ብቅሉን ቀይሬዋለሁ።»

«ያኔም ጠላሽ ደህና ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። «ባልሽን የዚያን ዕለት ጠዋት ረሽነውት ነበር። ልነግርሽ አፌ እምቢ አለኝና በጠላሽ አሳበብኩ።»

ገንቦውን ተሸክሜ ተመለስኩ። ያን ሁሉ ሰሞን ሀዘን መቀመጥ ነበረብኝ። ባሌ ሞቶ ሳለ እኔ ያለቀስኩት ለብቅል ነው።