አሚን ያልተባለበት ስብሰባ

ለውጡ የመጣ ሰሞን ከሚሴ ላይ ቢሮ ሲሰጠኝ አገር ያቀናሁ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዬ በቀድሞው መንግሥት ጊዜ የነበሩትን ሰዎች ከየኮሚቴው ማንሳት ሆነ። አንዱ በከተማው አጠገብ ባለው የጨፋ ግጦሽ ሜዳ ጠብ ሲነሳ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ነበሩ። ምን አጠፉ ብሎ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት መንደሮች በዚሁ ሜዳ ግጦሽ ተጣሉ። ሰበሰብኳቸውና ድምፅ ማጉያዬን ይዤ በቀጥታ ወደ አጀንዳው ገባሁ። ሰሙኝ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ ፈረሙ፣ ሄዱ። በሳምንቱ ከብቱም እዚያው ሜዳ ላይ፣ ጠቡም እዚያው።

ሲጨንቀኝ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ "ልጄ፣ አስፈረምካቸው እንጂ መች አሚን አስባልካቸው? እኛ ዘንድ ዱአ ያልተደረገበት ነገር አይጸናም" አሉኝ።

በነጋታው አብረን ወደ ሜዳው ወረድን። ሰዉ ዛፍ ሥር ተቀምጦ መዳፉን ዘረጋ፤ እሳቸውም አማርኛና ኦሮምኛ እያፈራረቁ ዱአ አደረጉ። ከዚያ በኋላ ንግግሩ ቀለለ። መንደሮቹ ከብታቸውን በተራ ሊያሰማሩ ተስማሙ፤ ይኸው እስካሁን አላፈረሱትም።

እኔ ግን የማልረሳው የዱአውን መጀመሪያ ነው። ስለ ሣሩም ስለ ከብቱም ከመለመናቸው በፊት፣ "ያ ረቢ፣ ይህን ልጅ በወንበሩ አጽናው" አሉ። ከወንበራቸው ያነሳኋቸው እኔው ነኝ። ሰዉ "አሚን!" ሲል እኔ አሚን ማለቱን ትቼ በዘረጋሁት መዳፍ ፊቴን ሸፈንኩ። ያን ቀን የቀረብኝን አሚን እስከ ዛሬ ለእሳቸው እላለሁ።